ክፈፍ ለሥዕል እንጂ ሥዕል ለክፈፍ አልተፈጠረም

ስለ ሥዕል ጥበብ በጽሑፍም ሆነ በንግግር ብዙ ይባላል። ሠዓሊው ምን ለማለት እንደ ፈለገ፣ የቀለም አገባቡን ከማን እንደ ተማረ፣ ሥራው የአገር ነው ወይስ የውጭ ነው እየተባለ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩበት መስማት የተለመደ ነው። ሥዕሉ ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ድረስ በመካከል ስለሚደርስበት ነገር ግን አፉን የሚከፍት ሰው አይገኝም። በዚህ መካከል ሥዕሉ ወደ አናጢ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ክፈፍ፣ በተለመደው አነጋገር ፍሬም፣ ይገባለታል። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሠዓሊውን የስድስት ወር ድካም ሊያነሣውም ሊጥለውም የሚችል መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በዚህ በተናቀ ጉዳይ ላይ ነው፤ አንዳንድ አንባቢም «ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ ጠፍቶ ነውን?» ብሎ ቢስቅብኝ ንባቡን እስኪጨርስ ድረስ ሳቁን እንዲያቆይልኝ እለምነዋለሁ።

በከተሞቻችን ያሉትን የእንግዳ መቀበያ ክፍሎች፣ የሆቴል አዳራሾችና የመሥሪያ ቤት መተላለፊያዎች ዞሮ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የተሰቀለው ሥዕል ምንም ዓይነት ይሁን ምን ክፈፉ አንድ ነው። ወፍራም ነው፤ አበባና ቅጠል የተቀረጸበት ይመስላል፤ ነገር ግን ቅርጹ በሰው እጅ የተፈለፈለ ሳይሆን በማሽን የታተመ ነው፤ መልኩም ወርቅ ነው፤ ወርቅ ሲባልም ወርቅ የመሰለ ቅብ ማለት ነው። ይኸው ክፈፍ የዲግሪውን ምስክር ወረቀት ይከባል፤ የሠርጉን ፎቶግራፍ ይከባል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ይከባል፤ በጥቂት የእርሳስ ሰረዞች የተነደፈውን የአንዲት አሮጊት ፊትም ይከባል። ይህችን የመጨረሻዋን ያየ ሰው በወርቅ አጥር ውስጥ የታሰረች መነኩሲት ያየ ይመስለዋል። ባለቤቱ «ይህን ክፈፍ ለምን መረጡት?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ወርቅ ስለሚያከብር» ወይም «ከሶፋው ጋር ስለሚስማማ»። አንድ ሰው እንኳ «ሥዕሉ ይህን ስለሚፈልግ» ሲል አልሰማሁም።

ነገሩ በጣዕም መለያየት ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ጣዕም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሰው በገዛ ቤቱ የፈለገውን ቢሰቅል ማንም ሊከለክለው አይችልም። ዳሩ ግን ሥዕሉን ሳያዩ ክፈፍ የመምረጥ ልማድ ከጣዕም ጉድለት አልፎ ወደ ጥፋት ያደርሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮኝ በሄድሁ ጊዜ በመሰብሰቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የገበያ ቀን የሚያሳይ አንድ ትልቅ ሥዕል አየሁ። የቀለሙ አገባብ ግሩም ነበር። ነገር ግን በቀኝ በኩል የተቀመጠችው እህል ሻጭ እጇ ከአንጓው ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፤ የምትሰፍርበት ቁና የለም፤ ከታችም የሠዓሊው ፊርማ ግማሹ ብቻ ይታያል። የንብረት ክፍሉን ባልደረባ ብጠይቀው ያለ አንዳች ኀፍረት ነገሩን አስረዳኝ። ክፈፎቹ በጨረታ አስቀድመው ተገዝተው ነበር፤ ልካቸውም አንድ ዓይነት ነበር፤ ሥዕሉ በኋላ ሲመጣ በአንድ ወገን አንድ ስንዝር ያህል ስለ ተረፈ አናጢው «አስተካከለው»። አስተካከለው! ጫማው ቢጠበው ጣቱን የቆረጠ ሰው ቢገኝ አእምሮው ተነካ ተብሎ ዘመድ ይጠራለታል፤ ሥዕል የቆረጠ ግን ደረሰኝ ቆርጦ ሒሳቡን ይቀበላል።

እንዲህ ያለው ጥፋት በእኛ አገር የተጀመረ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1642 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «የሌሊት ዘብ» በሚል ስም የታወቀውን ታላቅ ሥዕል ሠራ። በ1715 ዓ.ም. ሥዕሉ ወደ አምስተርዳም ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ሊሰቀልበት በታሰበው በሁለት በሮች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አልበቃ አለ። የከተማው ሹማምንትም ግድግዳ ከመለወጥ ሥዕል መቁረጥ ቀለላቸው። ከአራቱም ወገን ተቆረጠ፤ በግራ በኩል የተቆረጠው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በዚያ ቁራጭ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎችና አንድ ሕፃን አብረው ሄዱ። ቁራጮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሰዎቹ መጥፋት ብቻ አይደለም። ሬምብራንት የዘቡን አለቃና ምክትሉን ሆን ብሎ ከሥዕሉ መካከል ወደ ቀኝ አስጠግቶ ነበር ያቆማቸው፤ በግራ በኩል ባዶ ስፍራ በመተዉም ጭፍራው ወደዚያ የሚራመድ ይመስል ነበር። ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ከመካከል ገቡ፤ ጉዞውም ቆመ። በ2021 ዓ.ም. የአምስተርዳም ታላቁ ሙዚየም ሄሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ ሥዕሉ ሳይቆረጥ በፊት ቀድቶ ባስቀረው ትንሽ ቅጂ ላይ ተመርኩዞ፣ በኮምፒዩተር ኃይል የጎደለውን አሠርቶ ለጥቂት ወራት ከሥዕሉ ዙሪያ አያይዞ አሳየ። እንግዲህ የአንድ ቀን የመጋዝና የመቀስ ሥራ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ስንት ሊቃውንትን እንዳደከመ ይታይ። እነርሱስ ቅጂ ስለ ነበራቸው ቢያንስ የጎደለውን አወቁ፤ የእኛ እህል ሻጭ ቁና ግን ቅጂ የለውም።

አሁን «ወርቅ ያከብራል» ወደሚለው ክርክር ልመለስ። ወርቅ በእውነት ያከብራል፤ እኔም የወርቅ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን የአውሮፓ ሰዎች ሥዕላቸውን በወርቅ የከበቡበት ምክንያት ነበራቸው። የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ጨለማ ነበር፤ መብራቱም ሻማ ነበር። በስሱ የተለበጠው እውነተኛ ወርቅ ያንን ደካማ ብርሃን ተቀብሎ በለዘበ ሁኔታ ወደ ሥዕሉ ይመልሰው ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኒኮላ ፑሳን በ1639 ዓ.ም. የእስራኤል ልጆች መና ሲለቅሙ የሚያሳየውን ሥዕሉን ከሮም ወደ ፓሪስ ለወዳጁ ለሻንትሉ በላከ ጊዜ በደብዳቤው ስለ ክፈፉ አደራ ብሎት ነበር። የተመልካቹ ዓይን በሥዕሉ ውስጥ እንዲሰበሰብና በአካባቢው ባሉት ሌሎች ነገሮች እንዳይበተን ክፈፍ እንዲያደርግለት፣ ወርቁም የማያብረቀርቅ፣ ከቀለሞቹ ጋር ሳይጣላ በለዘብታ የሚገናኝ እንዲሆን ነበር የጠየቀው። የክፈፍ ሥራ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የገለጸ ሰው አላውቅም። ዓይንን መሰብሰብ ነው። የእኛ የፕላስቲክ ወርቅ ግን በነጭ የኤሌክትሪክ መብራት ሥር ሲሰቀል ዓይንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም፤ እንደ አዋጅ ነጋሪ «እኔን እዩኝ» እያለ ይጮኻል። ጌታውን ለማስከበር ከፊት የሚሄድ አሽከር ጌታውን ገፍቶ ከወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ይህን ክብር የሚለው ማን ነው?

ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል አልተመለከቱትም። ደጋና ፒሳሮ በ1870ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በወርቅ ፈንታ ነጭ ክፈፍ ለሥዕሎቻቸው ማድረግ ጀመሩ። ደጋ ስለ ክፈፍ እጅግ ቀናተኛ ስለ ነበር፣ አንድ ወዳጁ የሰጠውን ሥዕል ክፈፍ በወርቅ ለውጦ ቢያገኘው ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዶ ይዞ ሄደ ተብሎ ይተረካል። ሴራ በነጠብጣብ የሣላቸውን ሥዕሎች ጠርዝ በነጠብጣብ ከበበ። ቫን ጎግ በ1887 ዓ.ም. ሎሚና ወይን፣ ሌላም ፍሬ የተቀመጠበትን አንድ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ሥሎ ሲያበቃ ብሩሹን አላስቀመጠም፤ ክፈፉንም እዚያው በቢጫ ቀባው። ይህ ሥዕል ከነክፈፉ አምስተርዳም ውስጥ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛል። እስቲ ያንን ክፈፍ አውልቆ ከሶፋ ጋር በሚስማማ ወርቅ የሚለውጥ ሰው ይምጣና እጁን ያሳየን።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ በእኛ አገር ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይኖር ነበር እንጂ ክፈፍ አያውቅም» የሚሉ ይኖራሉ። ይህን የሚሉት የአገራቸውን ሥዕል ቀርበው ያላዩ ናቸው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብተው በእንጨት ላይ የተሣሉትን ጥንታውያን ሥዕሎች ይመልከቱ። ጠራቢው የእንጨቱን መካከል ዝቅ አድርጎ ሲጠርብ ዙሪያውን ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ሥዕሉ በዝቅታው ላይ ያርፋል፤ ከፍ ያለው ዙሪያ ክፈፉ ነው። ሥዕልና ክፈፍ ከአንድ ግንድ የወጡ ወንድማማች ናቸው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ገጽ የሆኑትም በገመድ እየተያያዙ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሲዘጉ ከፍ ያለው ጠርዝ ስለሚገጥም ቀለሙ ከቀለሙ ጋር አይፋተግም። ጠርዙም ባዶ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በቀይና በቢጫ ቀለም የተሰመረ፣ አንዳንዴም በጥልፍልፍ ጌጥ የተሞላ ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎችም ቢሆን ጣና ዳር ወርዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ሠዓሊዎቹ አንዱን ታሪክ ከሌላው ታሪክ በቀለም መስመር እየከፈሉ እንደ ሠሩ ያስተውላል። ስለ ብራና መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋ ያሰምራል፤ ኅዳጉን ለይቶ ይተዋል፤ በምዕራፍ ራስ ላይ ሐረግ የሚሥለውም ሰው ስፍራውንና ልኩን ከጽሑፉ አንጻር ይወስናል። አንድም ሐረግ ሣይ «ሐረጉ አስቀድሞ ተገዝቷልና ጽሑፉ ይቆረጥ» አላለም።

ከዚህም ይልቅ የሚቀርብ ምስክር በእያንዳንዳችን ቤት አለ። የነጠላ ጥለት ከክፈፍ በምን ይለያል? ሸማኔው ጥለቱን ከነጠላው ጋር ይሠራዋል፤ እናቶቻችንም ለዘመን መለወጫ፣ ለሠርግ፣ ለሽማግሌ ሚስት፣ ለልጃገረድ የሚሆነውን ጥለት ለይተው ያዝዛሉ። የቀለሙ ስፋት በአንድ ጣት ቢያልፍ «በዛ» ብለው ይመልሱታል። ነጠላው ለኀዘን ሲለበስም ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ይዞራል፤ ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ ጠርዙ ስፍራውን ስለ ለወጠ ብቻ ያየ ሁሉ «ማን ሞተባት?» ይላል። ጠርዝ እንዲህ መናገር የሚችል መሆኑን ከእናቱ ጓዳ ተምሮ ያደገ ሕዝብ በሥዕል ጠርዝ ላይ ግድ የለሽ ሲሆን ማየት ያስገርማል። ክፈፍ አናውቅም ማለት አንችልም፤ የምናውቀውን ትተን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የመጀመሪያውን አንሥተን ሄድን እንጂ።

እንግዲህ መራጩ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ሥዕሉን ይመልከት። ይህ ምክር የሞኝ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን ከክፈፍ ገዢዎች አብዛኞቹ ወደ አናጢ ቤት የሚሄዱት የሥዕሉን ርዝመትና ወርድ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው እንጂ ሥዕሉን ይዘው አይደለም። ሥዕሉ ይሂድ። ክፈፍ የሚሠሩ ቤቶች የክፈፍ ማእዘን ናሙናዎችን በግድግዳ ላይ ሰቅለው ያኖራሉ፤ ከእነዚህ አራት አምስቱን እየወሰዱ በተራ በሥዕሉ ማእዘን ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ርቆ ዓይንን ከፈት ከደን እያደረጉ ማየት ነው። ዓይን አስቀድሞ ያረፈው በናሙናው ላይ ከሆነ ያ ክፈፍ ይጣል። ናሙናው ጠፍቶ ሥዕሉ ብቻ የታየ እንደሆነ፣ ናሙናው ሲነሣም ሥዕሉ ልብሱን ያወለቀ ከመሰለ፣ ምርጫው ደረሰ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ሥዕሉ በሚሰቀልበት ዓይነት ብርሃን ቢያደርገው ይሻላል፤ በደጅ ፀሐይ ትሑት መስሎ የታየ ቅብ ማታ በክፍል መብራት ሌላ ጠባይ ያወጣል።

በቀለም ረገድ ብዙዎች የሚሳሳቱት በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉ የደመቀውን ቀለም መርጠው ክፈፉን በዚያ በመቀባት ነው። በአንድ የደብረ ዘይት ሐይቅ ሥዕል ላይ አንዲት ቀይ ጥላ ብትኖር የሥዕሉ ሁሉ ሕይወት በዚያች ጥላ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ክፈፉ ቀይ ከሆነ ጥላዋ ሞተች። ይልቅስ በሥዕሉ ውስጥ ዝም ብለው ከሚሠሩት ቀለሞች፣ ከአፈሩ፣ ከጥላው፣ ከሩቁ ተራራ አንዱን መርጦ ከዚያ ጥቂት ማጥቆር መልካም ነው። ስለ ቅርጹም ጥቂት ልበል። ወደ ውስጥ የሚያዘቀዝቅ ክፈፍ ዓይንን እንደ መስኮት ወደ ሩቅ ይመራል፤ ስለዚህ ተራራና ሰማይ፣ መንገድና ሜዳ ላለበት ሥዕል ይስማማል። ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቀው ደግሞ ሥዕሉን ወደ ተመልካቹ ገፍቶ ያመጣዋል፤ ጥልቀት ለሌለው፣ በሰፊ የቀለም መደብ ለተሠራ ሥዕል የሚሆነው ይህ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ረቂቅ ሥዕሎች የሚያስብ አንባቢ የምለውን ይረዳኛል፤ እነዚያን በአበባ ክፈፍ መክበብ በሒሳብ ቀመር ዙሪያ ጥልፍ እንደ መጥለፍ ነው። ትንሽ ሥዕል ሰፊ ክፈፍ ሊሸከም ይችላል፤ እንዲያውም ግድግዳ እንዳይውጠው ይጠቅመዋል። ትልቁ ግን የራሱ አገር ስለሆነ ቀጭን ድንበር ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ፈጽሞ ክፈፍ አያስፈልግም ለሚሉት ወጣቶች መልስ መስጠት ይገባኛል። ሠዓሊው የሸራውን ጎን ጭምር ቀብቶት ከሆነ፣ ሥዕሉም ከግድግዳው ጋር በነጻ እንዲገናኝ አስቦ ከሆነ፣ እውነት አላቸው፤ ፈቃዱ ይከበር። አንዳንዱ ሥራም ክፈፉ ሕንፃው ራሱ ነው፤ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራውን 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ከሕንፃው ለይቶ ማሰብ አይቻልም። ዳሩ ግን ክፈፍ ለዓይን ብቻ የሚሠራ አይደለም። በመሥሪያ ቤት መተላለፊያ የተሰቀለ ባዶ ሸራ የወንበር ጀርባ ይወጋዋል፤ የመወልወያ እንጨት ይገፋዋል፤ ሲዛወር ደግሞ የሚሸከሙት ሰዎች አውራ ጣታቸውን ከቀለሙ ላይ ያሳርፋሉ። ክፈፍ የሥዕል እጀታና ጋሻ ጭምር ነው።

በወረቀትና በቆዳ ላይ ስለ ተሠሩት ሥዕሎች ማንም ስለማይናገር እኔ ትንሽ ልዘግይበት። በወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ወይም የእርሳስ ንድፍ መስታወት ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን መስታወቱ ሥዕሉን መንካት የለበትም። በመካከላቸው በጥንቃቄ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ዙሪያውን እንዲከብ ይደረጋል፤ ይህም ለሥዕሉ ጸጥታ የሚሰጥ ስፍራ ከመሆኑ በላይ አየር እንዲያገኝ ያደርገዋል። መስታወት በቀጥታ ከተጫነው በክረምት የሚፈጠረው እርጥበት ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ለማላቀቅ ሲሞከር ሥዕሉ በመስታወቱ ላይ ይቀራል። ያ ወፍራም ወረቀትም ሆነ ከጀርባ የሚገባው ካርቶን ርካሽ ከሆነ በውስጡ ያለው አሲድ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሥዕሉን ያቢጨዋል። በሙጫ መለጠፍ፣ በፕላስተር ማጣበቅ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ብራናና ቆዳ ደግሞ ከሞተ በኋላም የሚተነፍስ ነገር ነው፤ በበጋ ይሰበሰባል፣ በክረምት ይላላል። እስክንድር ቦጎሲያን በቆዳና በዛፍ ልጣጭ ላይ የሠራቸውን ሥራዎች ያየ ሰው የቁሱ መኮማተርና መተጣጠፍ የሥዕሉ ንግግር አካል መሆኑን ይገነዘባል። ይህን የመሰለውን ሥራ በጣውላ ላይ ቸንክሮ፣ በሙጫ አስተኝቶ፣ መስታወት መጫን ሕያው ሰውን ገንዞ እንደ ማስቀመጥ ነው። ጥልቅ ክፈፍ ተሠርቶለት ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተይዞ በውስጡ እንደ ልቡ ይንቀሳቀስ።

የክፈፉ እንጨትም ይታሰብበት። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ሲጣመምም ማእዘኑ ይከፈታል፣ ሸራውንም ይዞት ይዞራል። ነቀዝ ያለበት እንጨት ነቀዙን ለመወጠሪያው ያወርሰዋል። ዋንዛ በደንብ ደርቆ ሲገኝ ለቅርጽም ለጸባይም መልካም ነው፤ ሌላም ደረቅ እንጨት ቢሆን በሰም ብቻ ተወልውሎ ያለ ቅብ የሚያምርበት ጊዜ ብዙ ነው። «አቅማችን አይፈቅድም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል። በንጽሕና የተላገ ቀጭን እንጨት ከውጭ በመርከብ ከሚመጣው አበባማ የፕላስቲክ ወርቅ የበለጠ ዋጋ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም፤ የሚጠይቀው ዓይንና ጊዜ ነው።

«ከሶፋው ጋር» ለሚሉት ብዙ ቃል አላጠፋም። ሶፋ በአሥር ዓመት ይለወጣል፤ መጋረጃ ከዚያ በፊት ያረጃል፤ መልካም ሥዕል ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሥዕሉን ከሶፋው ለማስማማት የሚደክም ሰው ሶፋውን ከሥዕሉ ቢያስማማ ይሻለው ነበር። ክፍሉ ጨርሶ አይታይ ማለቴ አይደለም፤ ሥዕሉ የሚሰቀልበት ግድግዳ ምን ቀለም እንዳለው፣ ዕጣንና የቡና ከሰል ጢስ እንደሚደርስበት ወይም እንደማይደርስበት ማሰብ ይገባል። ነገር ግን ክፍል አማካሪ ይሁን እንጂ ፈራጅ አይሁን።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ግን ከግለሰብ የበለጠ ኃላፊነት አለባቸው፤ የሚሰቅሉት ሥዕል የሕዝብ ንብረት ነውና። በግዢ ዝርዝር ላይ «ክፈፍ፣ ወርቃማ፣ 60 በ80፣ ብዛት 100» ብሎ መጻፍ ሥዕል ገና ሳይኖር የሥዕልን ልክ መወሰን ነው። ይህ ዓይነቱ ዝርዝር ይቅር። አንድ መሥሪያ ቤት ሥዕል ሲገዛ የክፈፉ ዋጋ በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሠዓሊው በሕይወት ካለ ስለ ክፈፉ ያለውን አሳብ በጽሑፍ ይስጥ፤ ጽሑፉም በሥዕሉ ጀርባ፣ በሸራው ላይ ሳይሆን በመወጠሪያው እንጨት ላይ ይያያዝ። በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ ከሠዓሊዎቹ ጎን ለጎን አሥር የሚሆኑ ጥሩ የክፈፍ ሠሪዎች ቢኖሩን ግን በየአዳራሹ የምናየው ሥዕል ግማሹ ዳግመኛ የተወለደ ይመስል ነበር። የእጅ ሥራ መምህራንም በዚህ ሊረዱ ይችላሉ፤ በ45 ዲግሪ የተቆረጡ አራት እንጨቶችን ሳይላቀቁ መግጠም ለአንድ ተማሪ ከጂኦሜትሪም ከአናጢነትም ትምህርት የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ተማሪው በገዛ እጁ የሣለውን በገዛ እጁ ቢከፍፈው ደግሞ ስለ ጠርዝ የሚማረው ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል።

አስቀድመው የቆረጡትስ? ሥዕሉ በቅርብ ጊዜ የተቆረጠ እንደሆነ ቁራጩ ምናልባት በአናጢው ቤት ከመጋዝ ዱቄቱ መካከል፣ ወይም የብሩሽ መጥረጊያ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ይፈለግ። ከተገኘ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ወፍራም በሆነ ቧንቧ መሰል ነገር ላይ ተጠቅሎ፣ ንጹሕ ወረቀት ለብሶ፣ የየትኛው ሥዕል ቁራጭ እንደሆነና ከየትኛው ወገን እንደ ተቆረጠ ተጽፎበት ከዚያው ከሥዕሉ ጋር በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። በአገራችን ሥዕል አዳኝ ባለሙያ የሚበዛበት ቀን ሲመጣ ያቺ እህል ሻጭ ቁናዋን መልሳ ልትይዝ ትችላለች።